ዳክዬዋ ጠለቀች ወይስ ተዘቀዘቀች?

እህቴ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ገፈርሳ ግድብ ዳር ምንቃሯ ቢጫ የሆነ ጠቆር ያለች ዳክዬ ፎቶ አንስተሽ «ምግብ ፍለጋ ጠለቀች» ብለሽ ጻፍሽበት፣ ጓደኛሽ ደግሞ «ጭራዋ እየታየ ምኑን ጠለቀች፣ ተዘቀዘቀች በይ እንጂ» አለችሽ፣ ማናችን ነን ልክ ነው ያልሽኝ። ጓደኛሽ ናት ልክ።

ጠለቀ ማለት ከላይ ጠፍቶ ወደ ታች መግባት ነው። ጀንበር ጠለቀች የምንለው ጭራሽ ስትሰወር ነው፣ ዋናተኛም እግሩን ውጭ አስቀርቶ ጠላቂ አይባልም። ያንቺዋ ግን አንገቷን ወደ ታች ትሰድና ቂጧን ወደ ሰማይ ታቆማለች፣ ሚዛኗን እንዳትስት በእግሯ እየቀዘፈች ከሥር ያለውን ተክልና ፍሬ ለቃቅማ ቀና ትላለች። ይሄ መዘቅዘቅ ነው በቃ። ዘቀዘቀ እንደ ነቀነቀ እንደ ወዘወዘ ደጋሚ ግስ ነው፣ ብርጭቆ ይዘቀዘቃል፣ የታረደ በግ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል። ዝቃጭ የወጣበት ዘቀጠም የዚሁ ዘመድ ነው ባይ ነኝ፣ ጣው ከየት መጣ ብሎ የሚሞግተኝ ቢኖርም ጆሮዬ ዝምድናውን ይሰማዋል።

ዳክዬ ከእንግሊዝኛው ዳክ የመጣ ነው፣ ዳክ ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ መጥለቅ ከሚል ግስ የወጣ ነው፣ ስለዚህ ዳክዬ ሁሉ ጠላቂ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ዘሩ ልክ ነው፣ ጀርመኖች ታውኸን የሚሉትም የዚያው ግስ ወገን ነው፣ ዬዋን ደግሞ እንደ እማዬ እንደ ሰውዬ እኛ ነን የቀጠልንባት ብዬ አምናለሁ። ግን የስም ዘር የወፍ ጠባይ አይወስንም! ማኮአ የሚባለው ዳክዬ ሲጠልቅ ድርግም ብሎ ይጠፋና ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፣ እሱን ጠላቂ በይው ይገባዋል። ጠላቂዎቹ እግራቸው ወደ ኋላ የተተከለ ስለሆነ አብዛኞቹ ለመብረር ውሃው ላይ መንደርደር አለባቸው፣ ተዘቅዛቂዎቹ ግን ካሉበት ቀጥ ብለው ብድግ ነው። ግሱን ካምታታሽው ወፏንም አምታታሻት ማለት ነው።

ያንቺዋ ቢጫ ምንቃር ዳክዬ ናት፣ ፎቶሽን ቀረብ አድርገሽ እዪው፣ ምንቃሯ ጎንና ጎኑ ቢጫ ሆኖ መሐል አናቱ ጥቁር ነው፣ ላባዋ ጠቆር ብሎ ጠርዝ ጠርዙ ስለነጣ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሟ አናስ ኡንዱላታ ነው፣ ኡንዳ በላቲን ሞገድ ነውና ከዚሁ ላባ የወጣ ስም ነው። ክንፏ ላይ የሚያብረቀርቀው ምልክት በደቡብ አፍሪካዎቹ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ በኛዎቹ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የኛው ዝርያ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን በዞረው ጀርመናዊ በሩፔል ስም ነው የተሰየመው። «ዳክዬዋ» ማለትሽን ግን በመልክ አታስረጂም፣ ወንዱና ሴቷ ይመሳሰላሉ፣ በድምፅ ነው የሚለዩት፣ ጮክ ብላ ኳ ኳ የምትለው ሴቷ ናት፣ ወንዱ ቀጠን ያለ ፉጨት ነው ያለው። አማርኛችን ትንሽና የሚወደድ ነገርን በሴት ጾታ ስለሚጠራ እንጂ ሌላ ማስረጃ የለሽም፣ እኔም ዳክዬዋ ማለቱን አልተውም።

አንድ አርታኢ «ተዘቀዘቀች» ብዬ የጻፍኩትን ሰርዞ «ጠለቀች» ብሎ አውጥቶብኝ ያውቃል፣ አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል። ግን እውነቱን ለመናገር ዛሬ ሰው ሁሉ ጠለቀች ነው የሚለው፣ ደግሞም ጫጩቶቹ፣ ትልልቆቹም አደጋ ሲመጣባቸው፣ የምር ይጠልቃሉ፣ ያን ጊዜ ተቃውሞ የለኝም። «አንገቷን አጠለቀች» ብትዪም እቀበላለሁ፣ የገባው አንገቷ ነዋ። ዳክዬ ከሚለውም ይልቅ ይብራ የሚለውን ነበር የምወደው፣ እሱን ግን ገበያውም ትምህርት ቤቱም ከተወው ቆየ፣ ስለዚህ ፎቶሽ ሥር ዳክዬ ብለሽ ተዪው፣ ግሱን ብቻ ቀይሪልኝ።