ፕሬዚዳንቱና ያልተሸጠው የከረሜላ ፋብሪካ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የቀድሞው የዩክሬን ፕሬዚዳንት ፔትሮ ፖሮሼንኮ «የቸኮሌት ንጉሥ» ሲባሉ እሰማለሁ። በእርግጥ ከረሜላ ሠሪ ነበሩ? ሥልጣን ሲይዙስ ፋብሪካውን ምን አደረጉት?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ቅጽል ስሙ ከሥራቸው የወጣ ነው፤ ነገር ግን ምድጃ ዳር ቆመው ስኳር ያነጠሩ ባለሙያ እንዳይመስሉዎት። በ1965 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦልህራድ በምትባል የኦዴሳ ክፍለ ሀገር ከተማ የተወለዱት ፖሮሼንኮ፣ በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ኢኮኖሚ ትምህርታቸውን ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ ሶቪየት ኅብረት ስለፈረሰች፣ በዚያ ግርግር መካከል የኮኮዋ ፍሬ ንግድ ውስጥ ገቡ። ቀጥሎም ቀድሞ የመንግሥት የነበሩትን የጣፋጭ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ እየያዙ በ1996 «ሮሼን» የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ስያሜው ከየት እንደመጣ ለማየት ወረቀት ላይ «ፖሮሼንኮ» ብለው ይጻፉና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል በጣትዎ ይሸፍኑ። ታዋቂው የኪየቭ ኬክ፣ ካርቶኑ ላይ የዛፍ ቅጠል የተሳለበት፣ የሚጋገረው በዚሁ ኩባንያ ነው።

ምክር ቤት የገቡት በ1998 ነው። በ2004ቱ የብርቱካን አብዮት (በምርጫ መጭበርበር ላይ በተነሣው ሕዝባዊ ተቃውሞ) ጊዜ የእርሳቸው የነበረው «ቻናል 5» ቴሌቪዥን የተቃዋሚዎች ድምፅ ሆኖ አገለገለ። ከዚያ በኋላ በአብዮቱ መሪ በዩሽቼንኮ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ2012 ደግሞ አብዮቱ በተነሣባቸው በያኑኮቪች ዘመን የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሆኑ፤ ለሁለቱም ጎራ መሥራታቸው ነጋዴነታቸው ከፖለቲከኛነታቸው ይቀድም እንደነበር ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

በሐምሌ 2013 ሩሲያ የሮሼንን ምርቶች «ለጤና አይበጁም» ብላ አገደች። ዩክሬን ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ልትዋዋል በምትዘጋጅበት ወቅት በመሆኑ፣ ብዙዎች እገዳውን የፖለቲካ ማስፈራሪያ አድርገው ቆጠሩት። ዓመቱ ሳያልቅ ያኑኮቪች ውሉን አልፈርምም በማለታቸው በኪየቭ አደባባይ ተቃውሞ ሲቀጣጠል ፖሮሼንኮ ከሰልፈኞቹ ጋር ቆሙ፤ ያኑኮቪች ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም በግንቦት 2014 ወደ 55 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ በመጀመሪያው ዙር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

የጥያቄዎ ዋና ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በምርጫው ወቅት ሮሼንን እንደሚሸጡ ቃል ቢገቡም አልሸጡትም። ይባስ ብሎ ሩሲያ ክራይሚያን ወስዳ በምሥራቁ ጦርነት ሲካሄድ፣ በሩሲያዋ ሊፔትስክ ከተማ ያለው ፋብሪካቸው እስከ 2017 ድረስ ከረሜላ ያመርት ነበር። በ2016 ድርሻቸውን እርሳቸው በማያዙበት የአደራ አስተዳደር ሥር አደረጉት፤ ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ይፋ የሆኑት የፓናማ ሰነዶች (ከአንድ የፓናማ የሕግ ድርጅት ያፈተለኩ የኩባንያ መዝገቦች) በነሐሴ 2014 ግብር መሸሻ በመባል በሚታወቁት በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች በስማቸው ኩባንያ መመዝገቡን አጋለጡ። ያ ወር የዩክሬን ወታደሮች በምሥራቋ ከተማ ኢሎቫይስክ ላይ የተከበቡበት ወር ነው። ፖሮሼንኮ ኩባንያው የተመዘገበው ንብረቱን ለአደራ ለማዘጋጀት እንጂ ግብር ለመሸሽ አለመሆኑን ተናገሩ። ሕጋዊ ነው ብንል እንኳ፣ ልጁ ግንባር ላይ ላለ ወላጅ ይህን ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

በ2017 ዩክሬናውያን ያለ ቪዛ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲጓዙ የተፈቀደው በእርሳቸው ዘመን ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም በሚያዝያ 2019 በኮሜዲያኑ ቮሎዲሚር ዘለንስኪ 73 ለ24 በመቶ ተሸንፈው ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫም ወደ ጀመሩበት ምክር ቤት ተመለሱ።