«በጀት አለ፣ ገንዘብ የለም»፦ የወረዳ ክፍያ የት የት ይቆማል?

አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ አካባቢ የብረታ ብረት ሥራ ያለው ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 60 ኮምባይንድ ዴስክ (መቀመጫውና ጠረጴዛው አንድ ላይ የተያያዘ) ሠርቶ በግንቦት አስረከበ። ሰኔ ሊያልቅ ነው፣ ብሩ አልወጣም። ትምህርት ቤቱ «ፋይናንስ ጋ ነው» ይለዋል፣ ፋይናንስ ደግሞ «በጀት አለ፣ ገንዘብ የለም» ይለዋል። ይሄ እንዴት ይሆናል? ፋይናንስ የሚባለውስ ምንድን ነው የሚሠራው?

ለዚህ ጥያቄ ሰዎች ከሰጡት መልስ ግማሹ «እጅ ፈልገው ነው»፣ ማለትም ጉቦ ፈልገው ነው፣ የሚል ነው። የለም አይባልም። ነገር ግን የቆመ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የቆመበት ምክንያት ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይገኛል፤ መጀመሪያ እሱን ማየት ነው።

ወንድሜ፣ «በጀት አለ፣ ገንዘብ የለም» ያሉህ ሊያላግጡብህ ላይሆን ይችላል። በጀት ብር አይደለም፣ ፈቃድ ነው። የከተማው ምክር ቤት «ይህ መሥሪያ ቤት ለዚህ ጉዳይ እስከዚህ ድረስ ያውጣ» ብሎ ያጸደቀው ጣሪያ ነው። ገንዘብ ባንክ ያለው ነው። ሦስተኛው ሰነድ ነው፤ ዕቃው በደንቡ ተገዝቶ መግባቱን የሚያሳየው የወረቀት ጥቅል። ሦስቱ አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተገናኙ ቼክ አይጻፍም። ስለዚህ «መቼ ትከፍሉኛላችሁ?» ብለህ ከምትመላለስ «ከሦስቱ የጎደለው የቱ ነው?» ብለህ ጠይቅ። በጀት ከሆነ የሚያስኬድህ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው፣ ሰነድ ከሆነ ወደ ግዥና ንብረት ክፍል፤ ገንዘብ ከሆነ ብቻ ነው ፋይናንሱን መጠበቅ ያለብህ።

ገቢዎችና ፋይናንስም አንድ አይደሉም። ገቢዎች ይሰበስባል፤ ፋይናንስ ይደለድላል፣ ይከፍላል፣ ይመዘግባል። ዴስክ ይገዛ ብሎ የወሰነው ፋይናንስ አይደለም፣ ባለ በጀቱ መሥሪያ ቤት ነው። በወረዳ ደረጃ ደግሞ በአብዛኛው እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ ሂሳብ ሠራተኛ የለውም፤ አንድ ፋይናንስ የሁሉንም ሂሳብ አብሮ ይይዛል። «ፑል» የሚሉት ይህንን ነው። ያንተ ፋይል ከወረዳው ሁሉ ደመወዝ፣ አበል፣ ነዳጅና መብራት ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነው ያለው። ደመወዝ ሁሌም ይቀድማል፤ በደመወዝ ሰሞን ሄደህ ስለ ዴስክ ብታነሳ የሚሰማህ የለም።

እዚህ ከተማው ዳር ላይ ላለን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። አዲስ አበባን የከበበው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ በ2015 ከተቋቋመ ወዲህ መንገድ ተሻግሮ ያለው ትምህርት ቤት የሌላ አስተዳደር፣ የሌላ በጀት ሊሆን ይችላል። ኮዬ ፈጬ ለምሳሌ የሸገር ክፍለ ከተማ ነው። የሰፈሩን ስም ትተህ የግዥ ትዕዛዙ ላይ ያለውን ማኅተም እይ፤ ክፍያህ የሚፈለገው እዚያ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ በአብዛኛው የምትተዳደረው ራሷ በምትሰበስበው ገቢ ነው። ትልቁ የግብር ወቅት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው፣ ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ይባስ ብሎ ደግሞ ግዥው ሁሉ ተጠራቅሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በዓመቱ መጀመሪያ «በዚህ ወር ይህን ያህል አወጣለሁ» የሚል የጥሬ ገንዘብ ፍላጎት ዕቅድ ያቀርባል፣ ግምጃ ቤቱም በዚያ ላይ ተመሥርቶ የወጪ ገደብ ይለቅቃል። የወረዳው የባንክ ሂሳብ «ዜሮ ባላንስ» ይባላል። ውስጡ የተቀመጠ ብር የለም፤ ባንኩ እስከ ተፈቀደው ገደብ ይከፍልና ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት ሂሳብ ያወራርዳል። ገደቡ ካለቀ የበጀት ጣሪያው ገና ቢሆንም ባንኩ አይከፍልም። ወንድማችንን የገጠመው ይህ ከሆነ፣ ዴስኩ በዕቅድ የተያዘው ለየካቲት ሆኖ ግዥው ተጓቶ ግንቦት ላይ ወድቆ ይሆናል፤ ለግንቦት የተጠየቀው ገደብ ውስጥ ዴስክ የለም ማለት ነው። ወረዳው ተጨማሪ ገደብ በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቁንና ደብዳቤው መውጣቱን አረጋግጥ። ሌላም ነገር አለ፤ የቀረው ገደብ 200,000 ብር ሆኖ ያንተ ሂሳብ 345,000 ከሆነ ትንንሾቹ ሂሳቦች እየቀደሙ ያልፋሉ፣ ትልቁ ይቀመጣል።

በጀቱም ቢሆን አንድ ቋት አይደለም፣ በሂሳብ መደብ የተከፋፈለ ነው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ 6212 የቢሮ ዕቃ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 የውሎ አበል፣ 6257 መብራት። አዲስ ዴስክ የቋሚ ንብረት ግዥ ስለሆነ 6314 ላይ ይወድቃል። የተሰበረ ዴስክ መበየድ ግን ጥገና ነው፣ 6244። የብረት ሥራ ሰዎች አዘውትራችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ትምህርት ቤቱ «60 አዲስ ሥራልን፣ በዚያው 25 አሮጌ በይድልን» ይላል፣ እናንተም በአንድ ደረሰኝ ጠቅልላችሁ ትቆርጣላችሁ። ሂሳብ ሠራተኛው ያንን ደረሰኝ የሚያሳርፍበት መደብ የለውም፤ 6314ን ለጥገና ቢያስነካ ኦዲት ይጠይቀዋል፣ ስለዚህ ይመልስባችኋል። ከመጀመሪያው ሁለት ትዕዛዝ፣ ሁለት ደረሰኝ በሉ።

መደቡ ላይ ቀሪ ከሌለ ዝውውር ይጠየቃል፤ ከሌላ መደብ ቀንሶ እዚህ መጨመር ማለት ነው። ዝውውር በቃል አይሆንም፣ ሥልጣን ያለው አካል መፈረም አለበት። ሁሉም ነገር አይዛወርም ደግሞ፤ በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ 648/2001 ለምሳሌ ከካፒታል በጀት (ለግንባታና ለመሳሰለው ከተያዘው) ወደ መደበኛ (ለዕለት ተዕለት ሥራ ወደ ተያዘው) ማዛወር ክልክል ነው። «ለግንባታ የተያዘ ብር ተርፏል፣ ከዚያ ይክፈሉህ» የሚል መካሪ ካጋጠመህ አትስማው። በተጨማሪ፣ ትዕዛዝ ሲሰጥ በጀቱ በስምህ ካልተያዘ (ግዴታ ካልተመዘገበ) ሌላ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ያው ያዘዘህ መሥሪያ ቤት ራሱ በሌላ ግዥ ይበላዋል። የግዥ ትዕዛዝ ስትቀበል «በጀቱ ተይዟል ወይ? መደቡስ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ፋይሉን እንክፈተው። በፕሮፎርማ (ከሻጮች በተሰበሰበ የዋጋ ማቅረቢያ) የተገዛ ዕቃ ከሆነ ከታች ወደ ላይ የሚደረደረው እንዲህ ነው፦ የተጠቃሚው ክፍል የግዥ ጥያቄ፣ የታሸጉት ሦስት ፕሮፎርማዎች፣ አሸናፊው የተመረጠበት ቃለ ጉባኤ፣ የግዥ ትዕዛዙ ወይም ውሉ፣ የጥራት ማረጋገጫ ወይም የርክክብ ሰነድ፣ ሞዴል 19፣ ያንተ ደረሰኝ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህና የታክስ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብህ የሚገልጽ ወረቀት)፣ በመጨረሻ ባለ በጀቱ መሥሪያ ቤት «ይከፈል» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ። ከእነዚህ ውስጥ ነፍስ ያለው ሞዴል 19 ነው። ንብረት ክፍሉ ዕቃውን ቆጥሮ ተረክቦ የሚቆርጠው የገቢ ደረሰኝ ነው። ሞዴል 22 ሌላ ነው፤ እሱ ዕቃው ከዕቃ መጋዘን ወደ ተጠቃሚው ሲወጣ የሚቆረጥ ነው፣ ላንተ ክፍያ አያገለግልም። ዴስክ ቀጥታ ክፍል ውስጥ ይገባና የንብረት ሠራተኛው በዕለቱ ሳይኖር ይቀራል፤ ርዕሰ መምህሩ በባዶ ወረቀት «ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርምልሃል፣ ልጆቹም ይቀመጡበታል። ለፋይናንስ ግን ያ ዴስክ አልገባም። ሞዴል 19 ቅጂህን በእጅህ ሳትይዝ መኪናህን ይዘህ አትውጣ።

ሰነድ መርማሪው የሚያየው እነዚህ ወረቀቶች እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው። ትዕዛዙ ላይ 60፣ ሞዴል 19 ላይ 57፣ ደረሰኙ ላይ 60 ከሆነ ፋይሉ ይመለሳል፤ በፍሬ 5,000 ብር ቢሆን የሚከፈለው ከቫት በፊት 285,000 እንጂ 300,000 አይደለም። ትዕዛዙ ላይ «ኮምባይንድ ዴስክ» ተብሎ ደረሰኙ ላይ «የተማሪ ጠረጴዛ» ከሆነም ይመለሳል። የገዢው ስም በትምህርት ቤቱ ይሁን በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ትዕዛዙን አይተህ ፊደል በፊደል ገልብጠው። ቀኖቹም ቅደም ተከተላቸውን መጠበቅ አለባቸው፤ ከትዕዛዙ በፊት የተቆረጠ ሞዴል 19 «መጀመሪያ ተገዝቶ ኋላ ፕሮፎርማ ተሰበሰበ» ብሎ ራሱን ያጋልጣል። የባንክ ሂሳብህ ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ሁሉም ነገር አልቆ ባንክ ላይ ይመለስብሃል።

ፋይሉ ከተሟላ ሂሳብ ሠራተኛው የክፍያ ማዘዣ (ፒቪ) ያዘጋጃል፣ ሌላ ሰው ይመረምረዋል፣ ኃላፊው ያጸድቀዋል፣ ቼኩ ወይም የዝውውር ደብዳቤው ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል። አዘጋጁ፣ አጽዳቂውና ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው እንዳይሆኑ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ስለዚህ አንድ ፈራሚ ስብሰባ ወይም ሥልጠና ላይ ከሆነ ሳምንት ይሄዳል፤ በእኔ እምነት ይህ ውክልና ባለመስጠት የሚመጣ ስንፍና ነው እንጂ ደንቡ አይደለም።

ከሂሳቡ ላይ ስለሚቆረጠው። 60 ዴስክ በ5,000 ሲሰላ 300,000፣ ቫት 15 በመቶ 45,000፣ ድምር 345,000 ይሆናል። ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያህ ቀንሶ ለገቢዎች የሚያስገባው ቅድመ ግብር) የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው 300,000 ላይ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ልኩ 2 በመቶ ነበር፣ ማለትም 6,000 ብር፤ በ2017 አዋጁ ስለተሻሻለ ደረሰኝ ከመቁረጥህ በፊት የወቅቱን ልክ አረጋግጥ። ቫቱንም መንግሥታዊ ገዢ ራሱ ይዞ ለገቢዎች የሚያስገባበት አሠራር ስላለ እጅህ የሚገባው ከ345,000 በጣም ሊያንስ ይችላል፤ ተሰርቄያለሁ አትበል። የቫት ደረሰኝ የቆረጥክበት ወር ግን መግለጫውን ማሳወቅ ይጠበቅብሃል፣ ተከፈለህም አልተከፈለህም። ለዚህ ነው ደረሰኙን ከርክክቡ ወራት ቀድሞ «ፋይሉ ይሟላ» ብሎ መስጠት የሚጎዳው።

ያንተ አስቸኳይ ጉዳይ ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልወጣ በጀት ይቃጠላል፣ ወደ ሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። ዕቃው እስከ ሰኔ 30 ገብቶ፣ ሞዴል 19 በዚያው ቀን ወይም ከዚያ በፊት ተቆርጦ፣ ክፍያው ብቻ ከቀረ ግን አልጠፋህም። ሂሳቡ «የችሮታ ጊዜ ተከፋይ» ተብሎ በአሮጌው ዓመት ወጪ ይመዘገባል፣ ሐምሌ 30 ሳያልፍም ሊከፈል ይችላል። ይህ በራሱ አይሆንም፤ ሂሳብ ሠራተኛው ሰኔ 30 ላይ የተከፋዮችን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ስምህና መጠኑ መግባት አለበት። ሰኔ 25 አካባቢ ሄደህ «ተከፋይ ውስጥ ተይዣለሁ ወይ?» በል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምህ ጥያቄ ይህ ነው። ካልተያዝክና ሐምሌ ከገባ ዕዳህ በአዲሱ ዓመት በጀት ላይ መውደቅ አለበት፣ አዲሱ በጀት ደግሞ ወረዳ ድረስ ተደልድሎ ሲስተም ላይ እስኪጫን ጊዜ ይወስዳል፤ ያውም መሥሪያ ቤቱ ዕዳውን አምኖ በደብዳቤ ካቀረበልህ ነው።

በዚህ ሰሞን «ዕቃው ሐምሌ ይምጣ፣ ሞዴል 19 ግን አሁን ሰኔ 28 ይቆረጥ» የሚል ሐሳብ ይቀርብላችኋል፣ በጀቱ እንዳይቃጠል ተብሎ። አትግቡበት። ኦዲተር የዕቃ መጋዘን ካርዱን ከሞዴል 19 ጋር ሲያመሳክር የሚያገኘው የመጀመሪያ ነገር ነው፤ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ የፈረመው የንብረት ሠራተኛ ብቻ አይጠየቅም፣ ደረሰኝ የሰጠውም ይጠራል።

ነገ ስትሄድ የሞዴል 19 ቁጥሩንና ቀኑን፣ የግዥ ትዕዛዙን ቅጂ ያዝ። ፋይናንስ ስትገባ በቅድሚያ ፋይሉ በመዝገብ ገብቶ ቁጥር እንዳገኘ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ «ፋይናንስ ጋ ነው» የሚባለው ፋይል ገና ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ፀሐፊ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመዝገብ ቁጥር ከሌለ ፋይናንስ አልገባም። ቁጥር ካለው ፒቪ ተሠርቶለት እንደሆነ፣ ካልተሠራ ምን እንደጎደለ ጠይቅ። «ሰነድ ይጎድላል» ካሉህ የጎደለውን በጽሑፍ እንዲመልሱልህ ጠይቅ፤ በቃል የተመለሰ ፋይል በየሳምንቱ አዲስ ጉድለት ይወጣለታል። ከቡድን መሪው ካልተግባባህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማው ፋይናንስ በጽሑፍ አቤት ማለት ትችላለህ።

ብሩ ሲገባልህ የዊዝሆልዲንጉንም፣ ከተያዘብህም የቫቱን ተቀናሽ ደረሰኝ በዚያው ቀን ተቀበል። ግብርህን ስታሳውቅ ያለ ደረሰኙ አይታሰብልህም፣ ከስድስት ወር በኋላ ፈልጎ ማውጣት ደግሞ ከክፍያው የባሰ ምልልስ አለው።