ሦስተኛ ባትሪ አትግዛ፤ መጀመሪያ ያሉህን ሙላቸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተጎታች ላይ ጸጉር ቤት ሠርተህ ከደብረ ብርሃን በጣርማበር አድርገህ መንዝ ገበያ ትወጣለህ። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር አወር ሁለት ዲፕ ሳይክል (እየወረደ እየተሞላ እንዲሠራ የተሠራ) ባትሪ አለህ። መንገድ ላይ ከመኪናው ዲናሞ ይሞላሉ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ደርሰህ ሥራ ስትጀምር ግን ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው) ይጮሃል፣ ቶንዶሱ ይደክማል። የሸጠልህ ሰው ደግሞ "አንድ ጨምርበት" ብሎሃል።

አትጨምር። እኔ ጨምሬ አይቼዋለሁ። ቧንቧው እየተንጠባጠበ በርሜል መደርደር ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ያሉህ ባትሪዎች ይበቁህ እንደሆነ እንቁጠር። ሁለት ቶንዶስ 30 ዋት፣ አራት አምፖል 36 ዋት፣ ስፒከር 20 ዋት፣ የደንበኛ ሞባይል ቻርጅ 30 ዋት ብንል 116 ዋት ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውን ስንጨምር 135 አካባቢ ይደርሳል። ለ12 ስታካፍለው 11 አምፔር ገደማ ነው። ከ200 አምፔር አወር ግማሹን ብቻ ተጠቀም። ከዚያ በታች ደጋግመህ ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል። ግማሹ 100 ነው፤ 100 ለ11 ሲካፈል ዘጠኝ ሰዓት። ሙሉ የገበያ ቀን ማለት ነው! አንተ ግን ሁለት ሰዓት እንኳ አላገኘህም። ስለዚህ ባትሪው አላነሰህም። ከቤት ስትወጣም ገበያ ስትደርስም ሙሉ አልነበረም።

እዚህ ስሌት ውስጥ የጸጉር ማድረቂያ እንደሌለ ልብ በል። ባለ 1200 ዋት ማድረቂያ ብቻውን ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። እሱን እርሳው።

የኔን ልንገርህ። ተጎታቼ የሞባይል ጥገና ነበር፤ አንድ ሳምንት መንዝ፣ አንድ ሳምንት ሸዋ ሮቢት። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ባትሪ ቀየርኩ። "ዕቃው ፎርጅድ ነው" እያልኩ ሻጩን ስረግም ከረምኩ። በኋላ ሞላሌ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን አስነሳና "ቴስተርህን (የቮልት መለኪያህን) አምጣ" አለኝ። የመኪናው ባትሪ ላይ ሲለካ 14.2 ቮልት። ተጎታቹ ላይ ሄዶ ሲለካ 12.6። "ገመዱን ዳስሰው" አለኝ። ዳሰስኩት፣ ለብ ብሏል። ጫፉ ላይ ያለውን ካፖኮርዳ (ገመዱን ከባትሪው የሚያያይዘውን ብረት) ሲፈታው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ያ ሁሉ ወር የከፈልኩት ነዳጅ ገመድ ሲያሞቅ ነበር።

ገመዴ ባለ 2.5 (ውፍረቱ በስኩዌር ሚሊ ሜትር) ነበር። ከመኪናው ሞተር እስከ ተጎታቹ ባትሪ 8 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 16 ሜትር። በዚህ ርዝመትና ቅጥነት 15 አምፔር ሲያልፍ 1.6 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 16 ገመድ ግን የሚጠፋው ሩብ ቮልት ነው። ጨርሶ አይሞላም አልልህም። ግን ባትሪው ትንሽ ሲሞላ ቮልቱ ይወጣል፣ በገመዱ የሚመጣውም እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል። የእርሳስ ባትሪ እስከ ጥግ ለመሙላት ከ14 ቮልት በላይ ራሱ ባትሪው ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። ግማሽ ሆኖ ሲከርም ደግሞ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገራል። ያ አንዴ ከጠነከረ አይመለስም። የኔን ሁለት ባትሪዎች የበላቸው እሱ ነው።

ባለ 16 ገመድ ካጣህ የብየዳ ገመድ ፈልግ። ይተጣጠፋል፣ ወፍራም ነው፣ ለተጎታች ይመቻል። ኔጋቲቩንም በዚያው ውፍረት ከባትሪ እስከ ባትሪ ሳብ። ብዙ ሰው "ማሳው (ኔጋቲቩ) በመጎተቻው ጋንቾ ይመጣል" ይላል። ጋንቾ ቅባትና ዝገት ነው፤ በየጉድጓዱ ይላቀቃል። በሁለቱም ጫፍ፣ ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ 60 አምፔር ፊውዝ አድርግ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ባትሪ ስላለ አንድ ፊውዝ አይበቃም። ገመዱ ከላሜራው ጋር ተፋጭቶ ቢላጥ እሳት ነው። መሃል ላይ ደግሞ ሞተር ሲጠፋ መኪናውንና ተጎታቹን የሚለያይ ሬሌይ (ራሱ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ) ይግባ። ያለዚያ ማታ የመኪናህን ባትሪ አብረህ ትጨርሰውና ጠዋት ትገፋለህ። አቅም ካለህ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚባለውን ቻርጀር ተጎታቹ ላይ ግጠም። የወረደውን ቮልት ራሱ ከፍ አድርጎ ይሞላል።

ሁለቱን ባትሪዎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ እንዳገናኘህ ጽፈሃል። ልክ ነው። ግን ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄዱት ሁለቱም ገመዶች ከአንደኛው ባትሪ ከወጡ ያኛው ቀድሞ ይደክማል። ፖዘቲቩን ከመጀመሪያው፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው አውጣ። የቻርጁም ገመድ እንደዚያው። አሮጌና አዲስ ባትሪ ደግሞ በፍጹም አታጋባ። ሦስተኛውን እንዳትጨምር ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህም ነው።

አሁን አገራችንን የሚመለከተው ነገር። የቻርጀር ቁጥር ሁሉ የሚጻፈው ባትሪው 25 ዲግሪ ላይ እንዳለ ታስቦ ነው። የተለመደው ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ በዚያ ሙቀት 14.4 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ የሚቀንስ ዲግሪ 0.02 ቮልት ገደማ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ታውቀዋለህ። ባትሪው ሌሊቱን ውጭ አድሮ 5 ዲግሪ ቢሆን የሚፈልገው 14.8 ነው። 14.2 ስትሰጠው ቀኑን ሙሉ ቢሰካም አይጠግብም። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ተቃራኒው ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ተነስተህ ወደ 1,300 ትጠጋለህ፣ ሙቀቱ ይለወጣል። እኔ አንድ ጊዜ ደጋ ላይ ከፍ አድርጌ ያስተካከልኩትን የሶላር ቻርጀር ሳልቀንስ ሸዋ ሮቢት ሁለት ቀን አቆምኩት። ሳጥኑን ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፣ የባትሪው ጎን አብጧል፣ ውሃው ከሳህኖቹ በታች ወርዷል። የሙቀት ስሜት ያለው ሽቦ ባትሪው ላይ የሚለጠፍበት ቻርጀር ግዛ። ያለዚያ ቆላ ስትወርድ ቁጥሩን በእጅህ ቀንስ።

ያም ሆኖ መንገዱ ብቻውን አይሞላልህም። መጨረሻው 20 በመቶ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ባትሪው ሲሞላ ራሱ የሚቀበለውን ይቀንሳል። ስለዚህ ከገበያ ስትመለስ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ላይ በ20 አምፔር ቻርጀር ሰካው። ጣሪያው ላይ ባለ 200 ዋት ሶላር ካስቀመጥክ በበጋ ቀን 60 አምፔር አወር ገደማ ያስገባልሃል። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ በጣሪያው ላይ ጠፍጣፋ ቢተኛም ብዙ አይጎዳም። በሐምሌና በነሐሴ ጣርማበር ጉም ሲለብስ ግን አትመካበት።

የባትሪውን ሳጥን ከላይ በኩል ወደ ውጭ አስተነፍሰው። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፤ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ በብልጭታም ይፈነዳል። የቡና ከሰል እዚያ አካባቢ እንዳይቀርብ። ውሃውን በየወሩ እይ። የምትጨምረው ዲስቲልድ ብቻ ነው፣ የቧንቧም የዝናብም አይሆንም።

አሁን ገመድ ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር ለካና እዚሁ ጻፍልን። ሞተሩ እየሠራ የመኪናው ባትሪ ላይ ስንት አለ? በዚያው ሰዓት የተጎታቹ ባትሪ ላይስ? ሌሊቱን ምንም ሳይሰካበት አድሮ ጠዋትስ ስንት ይላል? ጠዋት 12.7 ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ካለ ግማሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሞልተኸው ጠዋት 12 እንኳ ካልሞላ አንደኛው ባትሪ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ነጣጥለህ ለየብቻ ለካቸው።