አልቅሱ፤ እርሱም አልቅሷል

ልጆቼ ሆይ፣

34 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የስንቱን ሰው ዐይን በእጄ እንደከደንኩ አልቆጠርኩም። መርዶ መንገርንም ለምጄው ነበር፤ ወንበር ስቤ እቀመጥና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ሞትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ታላቅ እህቴ ስታርፍ ግን ከማውቀው አንዱም አልጠቀመኝም።

እናታችን ቀድማን ስላለፈች ያሳደገችኝ እርሷ ናት። በሞተችበት ሌሊት እኔ ተረኛ ሆኜ የሌላ ሰው ሕመምተኛ አስታምም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ዕቃዋን ስንሰበስብ መነጽሯን አገኘሁ። በቀኙ መስተዋት ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ እንዳለ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ቁስልና ዕቃ ሳጸዳ የኖርኩ ሰው ያንን አሻራ መጥረግ አቃተኝ። ከነማኅደሩ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዚያ ሰሞን እጅግ የከበደኝ የአማኞች ችኮላ ነው። በቀብሩ ማግስት አንድ ወንድም ትከሻዬን ይዞ «እርሷ ከጌታ ጋር ናት፤ ታዲያ ስለ ምን ታለቅሳለህ?» አለኝ። የተናገረውን እኔም አምነዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንባዬ የእምነቴ ጉድለት ምስክር መሰለኝና የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ከፍቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ተደብቄ አለቅስ ጀመር።

ከዚህ ያወጣኝ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ነው። አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ ኢየሱስን ስታገኘው «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ጥቂት ቆይታ ማርያም መጣችና ያንኑ ቃል ደገመችው። ሁለቱ እህትማማቾች በእነዚያ አራት ቀናት ይህን እየተባባሉ እንደከረሙ እገምታለሁ። እኔም በየሌሊቱ የምለው እርሱኑ ነበር፦ እኔ በዚያ ኖሬ ብሆን፣ የልብ ምቷን ዳብሼ ብሆን፣ ተረኛ ባልሆን። ኢየሱስ ስለዚህ ንግግራቸው አንዳቸውንም አልገሠጸም። ለማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሎ መለሰላት። ማርያም ያንኑ ስትለው ግን «የት አኖራችሁት?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያም እንባውን አፈሰሰ። ጥቂት ቆይቶ አልዓዛርን ከመቃብር እንደሚጠራው እያወቀ አለቀሰ! ትንሣኤን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ካለቀሰ፣ የእኔን እንባ ማን ክህደት ሊለው ይችላል? ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» አላቸው እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሐዘንተኛ ዘንድ ስትሄዱ አትቸኩሉ። ማርታን ማርያም አታድርጓት፤ ቃል የሚፈልግ አለ፣ አብሮት የሚያለቅስ የሚፈልግም አለ። ሞቱ ለምን እንደሆነ የምታውቁ አስመስላችሁ አትናገሩ።

መጸለይ ቢያቅታችሁ መዝሙር 88ን አንብቡ። እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፤ ያም ሆኖ ጸሎት ተብሎ በመጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። እኔ ለወራት ከእርሱ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

አንድ ነገር እንደ ባለሙያ ልጨምር። ሐዘን እንቅልፍና ምግብ ይነሳል፤ ደረትን ይጫናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች መዝገብ ግን ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ኑሮን ያሰናከለ ጽኑ ሐዘንን ሕክምና እንደሚያሻው ችግር ይቆጥረዋል። እንዲህ ከሆነባችሁ፣ ይልቁንም መኖር ካስጠላችሁ፣ ቀን ሳትቆጥሩ ወደ ሐኪም ሂዱ። እምነት ጎድሏችኋል የሚላችሁን አትስሙ።

ስምንት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት መነጽሬን ሥራ ቦታ ረስቼው መጣሁ። ማንበብ ፈልጌ የእህቴን አወጣሁና አደረግሁት። ለዐይኔ ልክ ነበር። ምዕራፉን ጨርሼ ሳወልቀው አሻራው የለም፤ ለካ ሳላስተውል በሸሚዜ ጠርጌዋለሁ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። የዚያን ምሽት ግን ውሃ አልከፈትኩም።