ምሳ ሰዓት ላይ የሚያርፍ ብልሽት የለም

አንድ የፊዚክስ መምህር ከዚሁ ከጅማ ጽፈውልኛል። ትምህርት ቤታቸው ራስበሪ ሼክ የምትባለዋን ትንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ አግኝቷል። ችግሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የምትሥለው የንዝረት መስመር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይወፍራል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቀጠን ይላል፣ ከዚያ እስከ ምሽት 12 ሰዓት እንደገና ይወፍራል። ሌሊትና እሁድ ጸጥ ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ መሣሪያዋ ራሷ ጠፍታ ትነሳለች፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቷ ይዛባል። አንድ ጠጋኝ አይቷት «ሴንሰሩ ሄዷል» ብሏቸዋል። አዲስ ይገዛ ወይ ነው ጥያቄው።

መምህር፣ እንዳይገዙ። የተበላሸ ሴንሰር እሁድን ከሰኞ አይለይም። ምሳ የሚበላውና እሁድ የሚያርፈው ሰው ነው። ስለዚህ መሣሪያዋ የምትሰማው የሰው ሥራ ነው፤ ግምቴ ደግሞ ወፍጮ ቤት ነው።

ለማረጋገጥ ስፔክትሮግራም የሚባለውን ባለቀለም ሥዕል ይክፈቱ፤ በየሰዓቱ የትኛው የንዝረት ፍጥነት እንደበረታ የሚያሳየው እሱ ነው። 24 ኸርዝ (በሰከንድ 24 ንዝረት) አካባቢ ቀጥ ያለ አግድም መስመር ካዩ ነገሩ አለቀ። የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ነው፤ የተለመደው የወፍጮ ሞተር በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል። ለ60 ያካፍሉት። ድንጋዩ በቺንጋ ስለሚዞር ከጎኑ ሌላ ቀጭን መስመርም ሊታይ ይችላል። አንድ ተማሪ ወፍጮው በር ላይ ቁጭ ይበልና ሞተሩ ሲነሳና ሲቆም ሰዓቱን ይጻፍ። ከሥዕሉ ጋር ገጠመ ማለት ሴንሰርዎ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ጆሮ አለው።

አሁን ወደ ላኩልኝ ፎቶ ልምጣ። በጣም ያናደደኝ እሱ ነው። ያ ጠጋኝ መሣሪያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከሥሯ ስፖንጅ አድርጎላታል። «እንዳትነቃነቅ» ብሎ ይሆናል። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ሥራዋ ከመሬቱ ጋር መነቃነቅ ነው! ስፖንጁ ከመሬቱ ይለያታል፣ ጠረጴዛው ደግሞ የራሱን ውዝዋዜ ይጨምርባታል።

ከሁሉ የባሰው ግን ዲቫይደሩ ነው። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ተቆርጦ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። እሱ ግራውንዱ ነው። ዲቫይደሩ ያለው የብረት ካቢኔት ውስጥ ነው፤ ካቢኔቱን የሚከፍቱት ልጆች ናቸው። አንዱ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ ኮረንቲው በልጁ እጅ ነው የሚወርደው። ዛሬውኑ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር ያውርዱ፣ ዲቫይደሩን ያውጡ፣ ግራውንድ ያለው ይተኩበት። ብሬከሩ ሳይወርድ ምንም ነገር እንዳይነኩ።

ቦታዋን እንዲህ ያስተካክሉ። ምድር ቤት ያለ፣ ሰው የማይመላለስበት መጋዘን ይምረጡ። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ካለ ከእሱ ይራቁ፤ ንፋስ ሲመጣ ሥሩ መሬቱን ይንጣል። ሊሾውን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይስበሩት። ለስላሳውን አፈር አልፈው ጠንካራው እስኪገኝ ይቆፍሩ፤ የእኛ ቀይ አፈር ክረምት ላይ ስለሚላላ ጥልቀቱን አይሰስቱ። ኮንክሪት ይሙሉት፣ ግን ከወለሉ ጋር እንዳይገናኝ ዙሪያውን የጣት ስፋት ክፍተት ይተዉ። ሲደርቅ መሣሪያዋን በሦስት እግሯ ያቁሙ፣ በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ገመዱ እንዳይጎትታት ላላ አድርገው ወለሉ ላይ ድንጋይ ይጫኑበት። ከዚያ አንድ ተማሪ ከ5 ሜትር ርቀት አንዴ ይዝለል። ሹል ብሎ ቶሎ የሚሞት ምልክት መታየት አለበት። እየተንቀጠቀጠ ከቆየ አንዱ እግር አልረገጠም ማለት ነው።

ወፍጮውን ማስቆም አይቻልም፣ አያስፈልግም። ሥዕሉን በሚያሳየው ፕሮግራም ላይ ማጣሪያውን ከ1 እስከ 8 ኸርዝ ያድርጉት፤ ከስምጥ ሸለቆው የሚመጣ መንቀጥቀጥ በብዛት እዚያ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የምወደውን ነገር ላስረዳ፤ ተማሪዎችዎም ይወዱታል። መሬት ሲሰበር ሁለት ዓይነት ሞገድ አንድ ላይ ይነሳል። አንዱ እየገፋ ይመጣል፤ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሌላው እያወዛወዘ ይመጣል፤ በሰከንድ 3.5 ያህል። እንደ ሁለት ሯጮች አድርገው ያስቡት። መነሻው ቅርብ ከሆነ ተከታትለው ይገባሉ፤ ሩቅ ከሆነ ሁለተኛው እየቀረ እየቀረ ይመጣል። በመካከላቸው ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 አዲስ አበባን ያስደነገጠውን መንቀጥቀጥ ያስታውሱ። መነሻው አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነበር። ከጅማ እስከዚያ በቀጥታ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ነገር እኛ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ቀጭን ንዝረት ይታያል፣ ከ45 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወፍራሙ ይገባል። ልጆቹ በማስመሪያ ለክተው፣ በ8 አባዝተው፣ ካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ ይሥሩ። ክቡ አዋሽን ሲያቋርጥ ሲያዩት ከመጽሐፍ ከተማሩት በላይ ይገባቸዋል። አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን አይነግርም፤ ለዚህ ነው ቢያንስ ሦስት ጣቢያ የሚያስፈልገው። በስምጥ ሸለቆው ዳር በየቦታው ጣቢያ የሚተከለውም ለዚሁ ነው።

የመሣሪያዋ ሰዓት ግን ልክ መሆን አለበት። የመንቀጥቀጡን መነሻ ለማግኘት ሞገዱ የደረሰበትን ሰዓት ከሌላ ጣቢያ ጋር ሲያስተያዩ የአንድ ሰከንድ ስህተት ኪሎ ሜትሮች ያሳጣል። ጠፍታ የምትነሳው በቻርጀሩ ነው። 5 ቮልት፣ 2.5 አምፔር የሚችል ይፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ላዩ ላይ 3 አምፔር ይላል፤ ጭነት ሲያገኝ ግን ወደ 4.5 ቮልት ሲወርድ በመልቲሜትር ስንቴ አይቻለሁ። በእነዚህ ቻርጀሮች የተቃጠለ ሚሞሪ ካርድ ቆጥሬ አልጨርስም። መሣሪያዋ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኮምፒውተር የሰዓት ባትሪ የላትም፤ ሰዓቱን የምትወስደው ከኢንተርኔት ነው። መብራት ሄዶ መጥቶ ኔትወርክ ከሌለ በአሮጌው ሰዓት ትቀጥላለች። የጂፒኤስ አንቴና ቢገጥሙላት ይሻላል። አንቴናው ከቆርቆሮው ሥር ሳይሆን ሰማይ በሚያይበት ቦታ ይሁን። መብረቅ ባለበት ቀን ጣሪያ ላይ ማንም እንዳይወጣ፤ ሽቦውም ከመብራት መስመር ይራቅ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ መሣሪያዋ የምትጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከእሱ 3 ሲቀንሱ የእኛ አቆጣጠር ይመጣል። ሁልጊዜ በ3 ሰዓት ብቻ የሚለያይ ከሆነ ብልሽት አይደለም።

«የጅማ መሬት እየተንሸራተተ እንደሆነ ታሳያለች ወይ?» ላሉት፣ አታሳይም። እኛ ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ፣ በአፍሪካ ዋናው ሰሌዳ፣ ማለትም አህጉሩን በተሸከመው ግዙፍ የዓለት ንጣፍ ላይ ነን። ሸለቆው በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ያንን የሚለካው ዓለት ላይ የታሰረ ጂፒኤስ ነው። በ1998 መግቢያ አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት የተለካው በሳተላይት ነው። የእርስዎ ሴንሰር ፈጣን ንዝረት እንጂ እንዲህ ያለ ቀስ ያለ ነገር አይሰማም።

ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ የአንድ ሰኞና የአንድ እሁድ ሥዕል ይላኩልኝ። የ24ቱ መስመር እሁድም ካለ የግቢውን የውሃ ፓምፕ መጥቼ አያለሁ። እስከዚያ ያን ካቢኔት ይቆልፉት፤ ሲከፍቱት ደግሞ ብሬከሩ ወርዶ ይሁን።