ስምሽ ያልወጣው ማስታወቂያ አምልጦሽ አይደለም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለሽ፣ ሸዋ ሮቢት በአንድ የግል ድርጅት ሁለት ዓመት ከምናምን ሂሳብ ሠርተሻል፣ ሁለት ወረዳ ላይ ተመዝግበሽ ለፈተና ከተጠሩት ውስጥ ስምሽ የለም። «ማስታወቂያ ቀድማችሁ የምታዩት የት ነው?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ልጆች የቴሌግራም ቻናል ደርድረውልሻል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን አንቺ ማስታወቂያውን አይተሽ፣ በሰዓቱ ደርሰሽ ተመዝግበሻል። የወደቅሽው ምዝገባው ካለቀ በኋላ ማስረጃ ሲጣራ ነው። ከግል ድርጅት ወደ መንግሥት ቤት ለመግባት የሞከረ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚያው ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1ኛ) ማስታወቂያው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የዞን መምሪያዎች፣ የደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደርና ወረዳዎቹ የሚቀጥሩት ለየብቻቸው ነው፤ አንዱ ሰሌዳ ላይ የወጣ ሌላው ላይ አይወጣም። የወረዳ ቅጥር የሚለጠፈው በወረዳው ዋና ከተማ ነው፦ የጣርማበር ደብረ ሲና፣ የኤፍራታና ግድም አጣዬ፣ የመንዝ ጌራ ምድር መሐል ሜዳ፣ የሞረትና ጅሩ እነዋሪ፣ የመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ፣ የምንጃር ሸንኮራ አረርቲ። ስለዚህ በየከተማው ሰሌዳ አይቶ ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ አንድ ሰው ይኑርሽ፤ ከየትኛውም ቻናል ይበልጣል። በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ አዲስ መደብ በብዛት የሚወጣው በጀቱ ጸድቆ ለየመሥሪያ ቤቱ ከተደለደለ በኋላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሰሌዳው ባዶ ቢሆን አትደነቂ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ የእኛው በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማው ፍቼ። ቻናሎቹ «ሰሜን ሸዋ ዞን» ብቻ ብለው ይለጥፉታል። የፍቼው ከሆነ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማትችዪ ከሆነ ለትራንስፖርት ከማውጣትሽ በፊት የማስታወቂያውን ራስጌና ማኅተሙን እዪ።

2ኛ) የሥራ ልምድ ደብዳቤው። ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

አብዛኛው የመንግሥት ማስታወቂያ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ሰው ደመወዙንና ደረጃውን አንብቦ ይህን ይዘለዋል። ድርጅትሽ የጻፈልሽ ደብዳቤ ማኅተምም ፊርማም ኖሮት የግብሩ፣ ማለትም ከደመወዝሽ የሚቆረጠው የሥራ ግብር፣ ነገር ከሌለበት፣ ያንቺ ሁለት ዓመት በአጣሪው ኮሚቴ ፊት ዜሮ ነው። ዜሮ ዓመት ይዘሽ ሁለት ዓመት በሚጠይቅ መደብ ስለተመዘገብሽ ስምሽ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ማንም ደውሎ «ይህ ጎድሎሻል» አይልሽም። ይሄ ነገር ያበግናል። መዝጋቢው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ፣ አይቶ፣ «እሺ፣ ጨርሰሻል» ብሎ ይሸኝሻል፤ ጉድለቱን ያኔውኑ ቢነግርሽ አሟልተሽ የምትመለሺበት ቀን ነበረሽ። አሠራሩ ግን መዝጋቢው ይቀበላል፣ ኮሚቴው ይጥላል ነው። ስለዚህ ማጣራቱን አንቺው ቀድመሽ ሥሪው።

ደብዳቤሽን አሁን አውጪና አጠገብሽ ዘርጊው። እነዚህ ሁሉ አሉበት? የድርጅቱ አርማና አድራሻ ያለው ራስጌ፣ የወጪ ቁጥርና ቀን፣ ስምሽ እስከ አያት፣ የሥራ መደብሽ መጠሪያ፣ ከቀን ወር ዓመት እስከ ቀን ወር ዓመት፣ ያልተጣራ የወር ደመወዝሽ፣ ሙሉ ጊዜ መሥራትሽ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ መቆረጡ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ማኅተም።

ቀኑ ላይ ቆም በይ። ብዙ የግል ድርጅት «ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. አገልግላለች» ብሎ ይጽፋል። ይህ ስንት ዓመት ነው? ከመስከረም 2014 እስከ ጳጉሜ 2016 ከሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ 2014 እስከ መስከረም መጀመሪያ 2016 ከሆነ ግን አንድ ዓመት ከጥቂት ቀን ነው። አጣሪው የትኛው እንደሆነ ሊገምትልሽ አይችልም፤ ወይ ትንሹን ይይዛል ወይ ጭራሽ ይተወዋል። የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚያው ነው፤ ፋብሪካዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈው «እ.ኤ.አ.» ማለቱን ይረሱታል፣ ያኔ ደብዳቤው ገና ያልደረሰ ዓመት ላይ ሥራ ለቀቀች ይላል። ከምረቃ በፊት የሠራሽው ወርም በዲግሪ ደረጃ አይቆጠርም። ቴምፖሽ (ጊዜያዊ ዲግሪሽ) ላይ ያለው ቀን ሐምሌ 2015 ሆኖ ሥራ የጀመርሽው በጥር 2015 ከሆነ ስድስቱን ወር ቀንሺና ነው ልምድሽን የምትቆጥሪው።

የመደቡ መጠሪያም ይጥላል። ሂሳብ እየሠራሽ ደብዳቤው «ጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኛ» ወይም «ሽያጭና ካሽየር» ካለሽ «አግባብነት የለውም» ይባላል። በእውነት የሠራሽው ሥራ ይዘረዘርልሽ፦ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ማዘጋጀት፣ ባንክ ማስታረቅ፣ ወርኃዊ ግብር ማሳወቅ። ያልሠራሽውን ግን አታስጽፊ። ሐሰተኛ ማስረጃ ከዓመታት በኋላም ሲጣራ ሥራ ያሳጣል፣ ያስከስሳልም፤ ኮምፒውተር ቤት «እናስተካክልልሽ» የሚሉሽን አትስሚ።

አሁን የግብሩ ማረጋገጫ እንዴት እንደሚገኝ። ቀጣሪ ከደመወዝ የቆረጠውን ግብር የሚያሳውቀው በየወሩ ነው፤ ከማሳወቂያው ጋር የሠራተኞቹን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደመወዝ ዝርዝር ያስገባል። ስምሽ በዚያ ዝርዝር ካለ ድርጅቱ የተመዘገበበት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የምስክር ደብዳቤ ይጽፋል። ሂደቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ድርጅቱ ለገቢዎች «የሠራተኛችን የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ይረጋገጥልን» ብሎ በስምሽ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ያንን፣ የልምድ ደብዳቤሽን ኮፒና የመለያ ቁጥርሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ያለ ድርጅቱ ደብዳቤ ብትሄጂ ይመልሱሻል። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቦታውን ነው፤ መሄድ ያለብሽ አንቺ ወደምትኖሪበት ገቢዎች ሳይሆን ድርጅቱ ግብር ወደሚከፍልበት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ ማረጋገጫውም ከዚያ ነው የሚመጣው፤ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ በምዝገባ ሳምንት የሚደርስ አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያ ሳይወጣ ከአሁኑ ጀምሪው።

ድርጅቱ «ደብዳቤ አንጽፍም» ካለሽ፣ ወይም ስለለቀቅሽ ካኮረፉሽ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12ን ጥቀሺላቸው። ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ አስፈርሚ። ከዚያም እምቢ ካሉ የወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አለ።

መጥፎው ዜና ይኼ ነው፦ ደመወዝ በእጅ ከፍሎሽ ስምሽን ዝርዝር ውስጥ ያላስገባ ድርጅት ከሆነ ማረጋገጫው አይገኝም። ይህን ለማወቅ የክፍያ ወረቀትሽን እዪ፤ ከሥራ ግብሩ ሌላ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ካንቺ ተቆርጦ፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት ነበረበት። ቆርጦ ካላስገባ ለጡረታ ቅርንጫፉ አመልክቺ፣ ገንዘብሽ ነው። እስከዚያው ግን በዜሮ ዓመት መደብ ተወዳደሪ። ያልተረጋገጠ ሁለት ዓመት ይዞ ሁለት ዓመት የሚል መደብ ላይ መመዝገብ ዕድል ማባከን ነው፤ ብዙ ቦታ አንድ ሰው ከአንድ መደብ በላይ መመዝገብ አይፈቀድለትምና።

3ኛ) ምዝገባ። «10 የሥራ ቀናት» እና «10 ተከታታይ ቀናት» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ቅዳሜ እሑድንም ይበላል። ቆጠራው የሚጀምረው አንቺ ካየሽበት ሳይሆን ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ከሆነ ጠዋት 5፡30 ላይ ለምሳ እንደሚዘጋ አስቢ። መንገድም እንደምታውቂው ነው፤ ጣርማበር ላይ በጉም የምትቆዪበት ቀን አለ፣ መኪና ጭራሽ የማይንቀሳቀስበትም ቀን አለ። በመጨረሻው ቀን ለመድረስ አትነሺ። «በአካል» የማይል ማስታወቂያ ከሆነ በወኪል መመዝገብ ስለሚቻል ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ።

ፎርሙ ላይ የመደብ መታወቂያ ቁጥሩን ከማስታወቂያው ላይ እያየሽ ገልብጪ። «የሂሳብ ባለሙያ» የሚል መደብ በአንድ ማስታወቂያ ሦስት ቦታ ይወጣል፤ አንዱ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ጤና፣ አንዱ ውኃ። ስሙን ብቻ ብትጽፊ የት እንደሚያስገቡሽ እነሱ ይወስናሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረቅሽ ከሆነ የመውጫ ፈተና ውጤትሽን አያይዢ። በዲግሪሽና በመታወቂያሽ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል እንኳን ከተለያየ አስቀድመሽ አስተካክዪው። ዋናውን አሳይተሽ ትመልሺያለሽ፣ የምትተዪው ኮፒ ነው፤ ኮፒዎቹን በስቴፕለር አንድ ላይ ምቺ፣ እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ጻፊ፣ ፎርሙ ላይም «አባሪ 7 ገጽ» በይ። የሚጠፋ ገጽ አለ። ቁጥር ካለው ግን «አላቀረበችም» ማለት ይከብዳል።

አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት አለ፣ ስሙን አልጠራም፤ የተመረጡትን ስም የሚለጥፈው ማታ ነው፣ ፈተናው ጠዋት። ከመሐል ሜዳ ወይም ከጊሼ የመጣ ልጅ በምን ይደርሳል? ይህን ለመከላከል የመዝጋቢውን ክፍል ስልክ ያዢ፣ ምዝገባው ካለቀ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደውዪ። እንደሚሰለቻቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደውዪ።

ስምሽ ካልወጣ ቅሬታሽን በቃል አታቅርቢ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፈሽ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ይዘሽ ውጪ፤ የጠየቅሽውም «ያልተመረጥኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የሚል ብቻ ይሁን። ካልመለሱልሽ ያንን ኮፒ ይዘሽ ወደ ሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያም ወደ ዞን መምሪያው። ፈተናው ሳይሰጥ ከደረሰ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ፤ ሌላ ሰው ከተቀጠረ በኋላ ግን በጣም ይከብዳል።

ስለ ፈተናው፦ የወረዳ ፋይናንስ ፈተና የዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ አይደለም። የመንግሥት ሂሳብ አንብቢ፤ የበጀት ዝውውር፣ የሒሳብ መደብ ኮድ (6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6231 ውሎ አበል)፣ ንብረት በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 እንደሚወጣ። ከግል ድርጅት የመጣ ሰው ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) አውቃለሁ ብሎ ገብቶ እነዚህ ላይ ይወድቃል። የተግባር ፈተና ካለ ኤክሴል ላይ ፔሮል መሥራት ነው፤ ቀመሩን በእጅሽ እስክትለምጂው ድረስ ተለማመጂ።

ፋብሪካዎቹንም አትርሺ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ እንሳሮ ውስጥ የለሚ ሲሚንቶ፣ አረርቲ ሴራሚክ አለ። የሂሳብ ሰው ለመቅጠር ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የሚያወጡት አዲስ አበባ ነው፤ የማሽን ኦፕሬተርና የጉልበት ሠራተኛ ግን ከአካባቢው ሥራ ፈላጊ ዝርዝር ይወሰዳል፣ ስለዚህ ቀበሌሽ ላይ ሥራ ፈላጊ ሆነሽ ተመዝገቢ። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ገንዘብ መቀበል ከላይ በጠቀስኩልሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ክልክል ነው፤ «የመጀመሪያ ደመወዝሽን ግማሽ» የሚልሽን ደላላ ትተሽ ሂጂ። የሙከራ ጊዜው ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። የጽሑፍ ውል ካልሰጡሽ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጡሽ ይገባል፤ ጠይቂያቸው፣ ነገ የልምድ ማስረጃሽ የሚነሳው ከዚያ ነውና። ስትገቢም በመጀመሪያው ወር የመለያ ቁጥርሽን ለፔሮል ክፍሉ መስጠትሽን አረጋግጪ።

አሁን ደብዳቤሽን አውጥተሽ ሁለት ነገር እዪና እዚሁ ስር ጻፊልኝ፦ የጀመርሽበትና የለቀቅሽበት ቀን እስከ ቀኑ ተጽፏል ወይ? የሥራ ግብር የሚል ቃል አለበት ወይ? ድርጅቱ ግብር የሚከፍለው ሸዋ ሮቢት ይሁን ሌላ ቦታ ጨምረሽ ንገሪኝ፤ ለገቢዎች የሚጻፈውን ደብዳቤ ናሙና በዚያ ልክ አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ።