ለአባቷ መድኃኒት ለጠየቀችው እህት፦ ከሁሉ በፊት ቤት ያለውን ቆርቆሮ ክፈቺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ሌሊት መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። አባትሽ ሐሙስ ከሆስፒታል ይወጣሉ። ለሪሃብ፣ ማለት አቅማቸው እስኪመለስ፣ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ) ሦስት ሳምንት ያህል ይቆዩና ወደ አንቺ ቤት ይመጣሉ። አሥራ አንድ ዓይነት መድኃኒት አላቸው። "ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚቆጣጠረው? እኔስ ምን ላድርግ?" ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች የክኒን ሳጥን ግዢ፣ ስልክሽ ላይ አላርም ሙይ ብለውሻል። ጥሩ ነው። እኔም ሁለቱንም አድርጌያለሁ። እናቴን ግን ከአምቡላንስ አላዳናትም።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። አንቺም እዚሁ አሜሪካ ስለሆንሽ ነገሩ ብዙ አይለያይም። መልሱን በቅድሚያ ልንገርሽ፦ የሚቆጣጠር የለም። ሆስፒታሉ የራሱ ዝርዝር አለው፣ ነርሲንግ ሆሙ የራሱ፣ የቤተሰብ ዶክተሩ የራሱ፣ የሰፈር ፋርማሲው የራሱ። አምስተኛው ዝርዝር ያለው አባትሽ ራስ ውስጥ ነው። እሱን ማንም አይጠይቃቸውም።

በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በተዛወሩ ቁጥር "ምን አቆማችሁ? ምን ቀየራችሁ? ለምን?" በይ። የጀመሩትን ሳትጠይቂያቸውም ይነግሩሻል። ሆስፒታል የሚሰጠው የራሱ ፋርማሲ ውስጥ ያለውን ነው። እማዬ ለጨጓራዋ ቤት ኦሜፕራዞል ትወስድ ነበር። እነሱ ጋ ስለሌለ በፓንቶፕራዞል ተኩት። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው። ስትወጣ ግን ወረቀቷ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል፤ አንዱ "የቤት"፣ ሌላው "አዲስ" ተብሎ። ነርሲንግ ሆሙም ሳይጠይቅ ሁለቱንም ይሰጣት ጀመር። እሱን እኔ ነኝ ያገኘሁት። አገኘሁ ብዬም ጎበዝ ነኝ አልኩ። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

2. ለጥቂት ቀን ተብሎ የተጀመረ መድኃኒት የሚያቆምበትን ቀን አስጽፊ። እማዬ ሆስፒታል የገባችው በኒሞኒያ፣ በሳንባ ምች ነው። በሁለተኛው ሌሊት መቃዠት ጀመረች። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሆስፒታል ሲተኙ የሚያጋጥም ነገር ነው አሉኝ። ክዌታያፒን የሚባል፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥና እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ጀመሩላት። ኒሞኒያው ለቀቃት፣ ቅዠቱም ሄደ። ክዌታያፒኑ ግን አብሯት ነርሲንግ ሆም ገባ። ቀን ሙሉ ትተኛለች። "እማ" ስላት አንድ ዓይኗን ከፈት አድርጋ መልሳ ትከድነዋለች። የፊዚካል ቴራፒ ባለሙያው "ለመንቀሳቀስ ፈቃደኛ አይደለችም" ብሎ ጽፎባታል። እናቴን! በ74 ዓመቷ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ የምትሄድ ሴት!

የነርሶቹ ጠረጴዛ ሄጄ የምትወስደውን ዝርዝር አሳዩኝ አልኩ። አንዷ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል "ወረቀቱ ላይ ስምህ የለም" አለችኝ። ልጇ ነኝ አልኳት። "ሶሻል ወርከሯን አናግር።" ሶሻል ወርከሯ የምትመጣው ሰኞ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አጠገቧ የተከፈተ የቺፕስ ከረጢት ነበረ፤ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ያኔ የማላውቀውን አሁን አንቺ እወቂው። በፌዴራል ደንቡ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያለ ሰው በቃልም ጠይቆ መዝገቡን በ24 ሰዓት ውስጥ የማየት መብት አለው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አይቆጠርም። ኮፒ ከፈለገ በ2 የሥራ ቀን። ባለመብቱ ግን በሽተኛው ነው። ስለዚህ አባትሽ ሐሙስ ሲገቡ ያን ሁሉ ወረቀት ሲያስፈርሟቸው አጠገባቸው ሁኚ። "መረጃ የሚሰጣቸው ሰዎች" በሚለው ላይ ስምሽን አስገቢ። ደግሞ "ሊስት" ብለሽ አትጠይቂ፤ ከሆስፒታል የመጣውን ወረቀት ኮፒ አድርገው ይሰጡሻል። የምትፈልጊው ኤም ኤ አር የሚሉትን ነው፤ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ እንደተሰጠ የሚመዘገብበት። በስሙ ስትጠሪው አነጋገራቸው ራሱ ይለወጣል።

ፋርማሲስት የእያንዳንዱን ነዋሪ መድኃኒት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲያይ ደንቡ ያስገድዳል። ልብ በይ፣ አባትሽ የሚቆዩት ሦስት ሳምንት ነው። ወሩ ሳይደርስ ሊወጡ ይችላሉ። አሁኑኑ ይታይልን ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። እኔ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤዬን ይዤ ቆምኩ። እንደገና ሊያመላልሱኝ ሲሉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የኦምቡድስማን ስልክ ፎቶ አነሳሁ። ኦምቡድስማን በየስቴቱ አለ፤ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን አቤቱታ በነፃ ያያል። መደወል አላስፈለገኝም። ሐኪሙ በማግስቱ መጣ። ክዌታያፒኑ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ቆመ። በራስሽ ሥልጣን ምንም እንዳታስቆሚ፤ አንዳንዱ በአንዴ ሲቋረጥ ይብሳል። ከሳምንት በኋላ እማዬ ሾርባውን ቀምሳ "ይሄ ጨው የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?" አለች። ድናለች አልኩ።

3. እዚህ ጋ ነው የእኔ ጥፋት።

ከነርሲንግ ሆም ያስወጧት እንደገና ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰው ማስወጣት የሚወዱት ዓርብ ከሰዓት ነው መሰለኝ። ነርሷ ስትደውል ደለስ ኤርፖርት የሚሄድ ተሳፋሪ ጭኜ ሀይዌይ ላይ ነበርኩ። የመድኃኒቱን መመሪያ በአንድ ትንፋሽ አነበበችልኝ። የስኳር መድኃኒቷ ተቀይሯል አለች። ኩላሊቷ ስለደከመ ሜትፎርሚኑን አቁመው ግሊፒዛይድ ጀምረዋል። እሺ አልኩ። "ቤት ውስጥ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?" አለችኝ። "ኖ" አልኩ። አላሰብኩም፤ መውጫዬ እንዳያልፈኝ የመንገድ ምልክት እያየሁ ነበር። እሷም "የለም" ብላ ጻፈች።

ነበረ እንጂ። እማዬ አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ በርበሬና ሽሮ ብቻ አይደለም የምትይዘው። የስኳር ክኒንም ትይዛለች። "የሀገሬው ይስማማኛል" ትላለች። ግሊቤንክላማይድ ነው። ለዓመታት ከሜትፎርሚኑ ጋር ድርብ አድርጋ ስትወስድ ዶክተሯም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር፣ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። እኔ ክር ያለበት ይመስለኝ ነበር።

ወሩ ሁዳዴ ነበር። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ቤት በገባች በአራተኛው ቀን ጠዋት አዲሱንም የሀገር ቤቱንም በጠበል ውጣ ቁጭ ብላለች። ረፋዱ ላይ ስገባ ሶፋው ላይ ላብ በላብ ሆናለች። ነጠላዋ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። በሟቹ አጎቴ ስም ጠራችኝ። በሩ ጋ የቆመ ሰው አለ አስገባው አለችኝ፤ ማንም የለም። ጣቷን ወግቼ ለካሁ፦ 38። ከ70 በታች ሲሆን ነው ዝቅተኛ የሚባለው። ሰው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ይጠጣል፣ በ15 ደቂቃ ተመልሶ ይለካል። እሷ ግን አንገቷን መያዝ እንኳ አልቻለችም። ያነቃታል ብዬ አፏ ውስጥ አልጨመርኩም፤ 911 ደወልኩ። በደም ሥሯ ስኳር ሲሰጧት ነቃችና "ሽሮው አረረ?" አለች። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ዶክተር ወረቀቷን አየ፣ ቁጥሩን አየ። በዚህ መጠን ብቻ እንዲህ አትሆንም አለኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ምንም አትወስድም ብዬ ድርቅ! ከኪሴ በፕላስቲክ ያስለበጥኩትን ቆንጆ የመድኃኒት ዝርዝር አውጥቼ አሳየሁት። ሁለት ሌሊት አስተኟት፤ ስኳሯ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ልብሷን ላመጣ ቤት ስሄድ ነው ቆርቆሮውን ከነጠላው ሥር ያገኘሁት።

ቆርቆሮውን እንዳለ ይዤ አንዲት ሐበሻ ፋርማሲስት ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ክኒኑን በጣቷ እየለየች "ይሄና ግሊፒዛይዱ እህትማማች ናቸው" አለችኝ። ግሊቤንክላማይድ እዚህ አገር ግላይቡራይድ ይባላል። ስኳር የማውረድ ኃይሉ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች እንዳይሰጥ ይመከራል። ኩላሊት የደከመበት ሰው ላይ ደግሞ ይጠራቀማል። እማዬ እሱን፣ ግሊፒዛይዱንና ጾሙን በአንድ ላይ ነው የያዘችው። ፋርማሲስቷ ሌላም አሳየችኝ። ከሀገር ቤት የመጣው ፓራሲታሞል እዚህ አሲታሚኖፌን፣ ማለት ታይለኖል ነው። የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ይገባል። በቀን ከ4 ግራም ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። እማዬ ሦስቱንም በተለያየ ስም ነበራት። ሳልቡታሞልም እዚህ አልቡተሮል ነው፤ አባትሽ አስም ካለባቸው።

ቁጥሩ የት ደረሰ? ተዪው።

ስልክ ላይ ሆነሽ አትተርጉሚ። ይሄን የምልሽ ከልቤ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አማርኛ በስልክም በቪዲዮም ያመጣሉ። ጥያቄውን በቀጥታ አባትሽ ይጠየቁ። "ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?" ሲባሉ የለም ይላሉ፤ እናቴም እንደዚያ ነው የምትለው፤ የሀገር ቤቱን እንደ መድኃኒት አትቆጥረውም። "ከአዲስ አበባ የመጣ ክኒን አለ? ጎረቤት የሰጠዎት? ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ የሚጠጡት ነገር?" ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት። አስተርጓሚው እንዲህ አድርጎ እንዲጠይቅ አንቺ ንገሪው።

ስለ ጾሙ ዶክተሩም እኔም ለምነናት እምቢ ብላ ነበር። የንስሐ አባቷ በአንድ ስልክ ጨረሱት። "በሽተኛ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ይወስዳል፣ ይሄ ትእዛዝ ነው" አሏት። ዝም አለች። አባትሽ ጿሚ ከሆኑ ከዶክተሩ ቀድመሽ የንስሐ አባታቸው ጋ ደውዪ።

የመውጫው ቀን ዓርብ ከሆነ ማዘዣው ሐሙስ ለፋርማሲ ይላክ። የቀረውን ክኒን ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ባዶ እጄን ነው የላኩኝ። የቤተሰብ ዶክተሯ ቢሮ ደግሞ ስድስት ጊዜ "ፋክሱ አልደረሰንም" አሉኝ። በሰባተኛው የመውጫ ወረቀቷን ራሴ ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ ፋክሱ ማሽኑ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት።

አሁን ዛሬ ማታ፣ ሐሙስን ሳትጠብቂ፣ አባትሽ ክፍል ግቢ። ቁም ሣጥን፣ የኮት ኪስ፣ ከአልጋው ሥር ያለ ፌስታል፣ ፍሪጅ። ያገኘሽውን ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርገሽ ፋርማሲስት ጋ ውሰጂ። ሲቆጡሽ የእኔ ምክር ነው በያቸው።

እማዬ ደህና ናት። ቆርቆሮው ውስጥ አሁን የምር ክር ነው ያለው። አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። ባለፈው እሑድ ከክሩ ሥር ሁለት ፓራሲታሞል አገኘሁ።